ገንዘቡ ሲጠየቅ 17 ሺህ ነበርን

ለጀርመን ፌደራል መንግሥት እና ለኒደርዛክሰን ግዛት መንግሥት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡራን፣

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የምጽፈው ጀርመንኛ ጠፍቶኝ አይደለም። 11 ዓመት ኖሬበታለሁ። ለኪራይም ለግብርም ተከራክሬበታለሁ። በጀርመንኛ ስጽፍ ግን እጄ ራሱ ፎርም መሙላት ይጀምራል። «ከላይ በተጠቀሰው ቁጥር» እያልኩ፣ የመጣሁበትን ጉዳይ ሳልናገር ገጹ ያልቃል። ስለዚህ መጀመሪያ በራሴ ቋንቋ ልናገር። የጀርመንኛው ቅጂ በፖስታ ይደርሳችኋል። ይሄኛውን በአደባባይ የማወጣው ደግሞ እንደ እኔው በሰሜን ጀርመን የመርከብ መሥሪያዎች የሠሩ ሐበሾች እንዲያነቡት፣ ከተሳሳትኩም እንዲያርሙኝ ነው።

ጉዳዬ ፓፐንቡርግ ውስጥ ያለው ማየር ቬርፍት የሚባለው የመርከብ መሥሪያ ነው («ቬርፍት» በጀርመንኛ መርከብ መሥሪያ ማለት ነው)። የአሁኑ ንብረታችሁ።

ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ልበል። ፓፐንቡርግ ትንሽ ከተማ ናት። ባሕር ዳርም አይደለችም። (እኔ የባሕር ዳር ልጅ ስለሆንኩ ይህችን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ ሳቄ መጣ።) ያለችው ኤምስ የሚባል ወንዝ አጠገብ ነው፤ ከባሕሩ 36 ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ብላ። አንድ ቤተሰብ ከ1795 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚያ መርከብ ይሠራል። መጀመሪያ የእንጨት ነበር፣ ቀጥሎ የብረት። በ1913 አንድ መርከብ ሠርተው መልሰው ፈታቱት፤ 5,000 ሳጥን ውስጥ ከተው ወደ ዳሬ ሰላም ላኩት። ከዚያ በባቡር ተጭኖ ታንጋኒካ ሐይቅ ደረሰ፣ እዚያው ተገጣጠመ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሆን ተብሎ ሰጠመ፤ ከዓመታት በኋላ አውጥተው አደሱትና «ሊየምባ» ተብሎ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሰውና ጭነት ሲያመላልስ ኖረ። እኛ አፍሪካውያን ከፓፐንቡርግ እጅ ሥራ ጋር የቆየ ትውውቅ አለን ማለት ነው።

ዛሬ የሚሠሩት የመዝናኛ መርከብ ነው። ከ300 ሜትር በላይ የሚረዝም፣ ቲያትር ቤት፣ መዋኛና በሺህ የሚቆጠር ክፍል ያለው ተንሳፋፊ ከተማ። አንድ ጊዜ ልጄን ይዤ ሲያልፍ ላሳያት ሄድኩ። ከወንዙ ዳር የአፈር ግድብ ላይ ሕዝቡ ወንበርና ቴርሞስ ይዞ ተኮልኩሏል። ቋሊማ የሚጠብስ አለ። በጎቹ ግድ የላቸውም፣ ሣራቸውን ይግጣሉ። መርከቡ ብቅ ሲል መጀመሪያ የታየን ከቤቶቹ ጣሪያ በላይ የሚንቀሳቀስ ነጭ ግድግዳ ነው። ወንዙ ከታች አይታይም፤ ሜዳው ላይ የሚሄድ ነው የሚመስለው። ደግሞም ወደ ኋላ ነው የሚሄደው። እውነቴን ነው፣ ኋላውን አስቀድሞ ነው የሚወጣው፤ በጠባቡ ወንዝ እንደዚያ ሲሆን ለመቆጣጠር ይቀላል። ጎታች ጀልባዎች ከፊትና ከኋላ ይዘውታል፣ ከግድቡ ጋር የቀረው ክፍተት ትንሽ ነው።

ልጄ «አባ፣ ይሄን አንተ ነህ የሠራኸው?» አለችኝ።

«አይ፣ የዚህን ታናሽ ወንድም፣ ሌላ ቦታ» አልኳት።

ወደ እሱ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ስላደረጋችሁት ነገር ላመስግን፤ የምወቅሰውም ከዚያው ስለሚጀምር።

በ2024 ቬርፍቱ ሊዘጋ ጫፍ ደርሶ ነበር። ሥራ አልጠፋም፤ ትዕዛዙ ለዓመታት ሞልቷል። የጠፋው ገንዘብ ነው። የመርከብ ንግድ አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ገዢው በግንባታው ጊዜ ከዋጋው 20 በመቶ ያህል ቀብድ ይከፍላል፣ 80 በመቶውን መርከቡን ሲረከብ። በመሀሉ ያለውን ብረት፣ ሞተር፣ ደመወዝ የሚሸፍነው ሠሪው ከባንክ ተበድሮ ነው። በ20 ብር ቀብድ የ100 ብር ቤት ጨርስልኝ እንደማለት። ኮንትራቶቹ የተፈረሙት ከኮሮና በፊት፣ በቁርጥ ዋጋ ነው። ከዚያ ወረርሽኙ መጣ፣ ቀጥሎ የዩክሬን ጦርነት፤ ብረትና ኃይል ተወደደ። ዋጋው ግን ያው ቁርጡ ነው። ባንኮቹ ወደ ኋላ አሉ። እስከ 2027 መጨረሻ ለመዝለቅ ከ2.5 ቢሊዮን ዩሮ በላይ የሚሆን ቀዳዳ ተገኘ።

ነሐሴ 2024 ውስጥ፣ ያኔ ቻንስለር የነበሩት ኦላፍ ሾልስ ፓፐንቡርግ ድረስ ሄደው ሠራተኛው ፊት ቆሙና ፌደራል መንግሥቱ ድርሻውን እንደሚወጣ ተናገሩ። መስከረም ላይ ነገሩ ተቋጨ። ፌደራል መንግሥቱና ኒደርዛክሰን በ400 ሚሊዮን ዩሮ ወደ 80 በመቶ የሚሆነውን ድርሻ ያዛችሁ። ለባንኮቹ ብድር ደግሞ እያንዳንዳችሁ ወደ 1 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ ዋስ ሆናችሁ። ከ2015 ጀምሮ ሉክሰምበርግ የከረመው የኩባንያው ዋና መቀመጫ ወደ ጀርመን እንዲመለስ፣ የሠራተኛ ወኪሎች ያሉበት የቁጥጥር ቦርድም እንዲቋቋም አስገደዳችሁ። ጥሩ አድርጋችኋል። የግብር ከፋይን ብር ይዞ ሉክሰምበርግ መቀመጥ የትም አገር ነውር ነው።

«መንግሥት ለሀብታም መንሸራሸሪያ መርከብ ምን ዶለው?» የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔም አንዳንድ ቀን እላለሁ። ግን አውሮፓ ውስጥ እንዲህ ያለ ትልቅ የመዝናኛ መርከብ የሚሠሩት ስንት ናቸው? በጣት ይቆጠራሉ። ሳን ናዜር ከተማ ያለውን የፈረንሳዩን መሥሪያ ብታዩ አብላጫ ባለቤቱ የፈረንሳይ መንግሥት ነው። የጣሊያኑ ፊንካንቲየሪም አብላጫው በጣሊያን መንግሥት ኩባንያ እጅ ነው። ደቡብ ኮሪያ ዴዉን የመሰለ ግዙፍ የመርከብ ኩባንያ በመንግሥት ባንክ እጅ 20 ዓመት ገደማ ተሸክማ ቆይታ በ2023 ነው ሃንዋ ለሚባል የግል ኩባንያ የሸጠችው። ቻይናማ ይቅር። መንግሥት የሌለበት ንጹሕ ገበያ በዚህ ሥራ ውስጥ ድሮም አልነበረም። ፓፐንቡርግም ብትሆን የግል የነበረችው በወረቀት ነው። ወንዙን ለመርከቦቿ የቆፈረው ማን ነው? ጋንደርዙም ላይ በሩን ዘግቶ ውኃውን ከፍ የሚያደርገው ግድብስ በማን ገንዘብ ተሠራ? በበጋ ወራት ኤምስ በደለል ታፍኖ ዓሣው አየር ሲያጥረው ሒሳቡን የሚከፍለው ሕዝቡ ነው። በ2024 የሆነው አዲስ ነገር የለም፤ ድሮ የሚከፍል አካል አሁን ስሙ ባለቤትነት ላይ ተጻፈ፣ በቃ።

አለማዳን ምን እንደሚመስልም አይተናል። ብሬመን ውስጥ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው አንድ አባት አሉ። የመጡት በደርግ ጊዜ ነው። በ1983 አ ጌ ቬዘር የሚባለው የመርከብ መሥሪያ ሊዘጋ ሲል ሠራተኛው ግቢውን እንደያዘው ያስታውሳሉ። ያኔ ጀርመንኛቸው ገና ስለነበር ከበሩ ውጭ ቆመው ሰው የሚዘፍነውን ብቻ ይሰሙ ነበር። የከተማዋ መንግሥት አላዳነውም፤ በዚያው ሳምንት በተካሄደው ምርጫም አሸነፈ። ዓመቱ ሲያልቅ በሩ ተዘጋ፣ ወደ 2,000 ሰው ሜዳ ላይ ቀረ። ዛሬ ቦታው ላይ የገበያ ማዕከል አለ። ባለፈው ጋሼን አጅቤ ጫማ ልንገዛ ሄድን። የአንዱን ሱቅ መስታወት በከዘራቸው እየጠቆሙ «እዚህ ጋ ክሬን ነበር፤ እዚያ ጋ ደግሞ መርከቡ የሚንሸራተትበት» አሉኝ። ሻጯ ልጅ የሚፈልጉት ቁጥር የት እንደሆነ የሚያሳዩ መስሏት መጣች።

ብሬመን የተገላቢጦሹንም አሳይታለች። ብሬመር ቩልካን የሚባለው ኩባንያ ከጀርመን ውሕደት በኋላ የምሥራቁን መሥሪያዎች፣ ቪስማርንና ሽትራልዙንድን፣ እንዲያድስበት የመንግሥት ድጎማ ተሰጠው። ከ800 ሚሊዮን ማርክ በላይ የሚሆነው ምሥራቅ አልደረሰም፤ ምዕራብ ያለው የኩባንያው ካዝና ዋጠው። በ1996 ኩባንያው ከሰረ፣ በ1997 የመጨረሻውን መርከብ አስረክቦ ተዘጋ። ለቪስማር ሠራተኛ በተባለ ገንዘብ የብሬመን ቀዳዳ ተደፈነበት፤ እሱም መልሶ ተቀደደ። በጥር 2022 ደግሞ ያው ቪስማር ሌላ ባለቤት ይዞ እንደገና ከሰረ።

ከዚህ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር፣ የማዳኛ ብር የሚታየው የገባበት በር ላይ ሳይሆን የመጨረሻው ሰው ኪስ ላይ ነው። አሁን ወደ ራሴ ነገር ልምጣ።

የሠራሁበትን ግቢ ስም አልጠራም። ፓፐንቡርግ እንዳልሆነ ግን ልንገራችሁ፤ ያላደረገችውን አልጭንባትም። ሰሜን ጠረፍ ላይ ያለ ሌላ ቦታ ነው። የቀጠረኝ ኩባንያ የንዑስ ተቋራጭ ንዑስ ተቋራጭ ነበር። ሥራዬ ገመድ መጎተት። መርከብ ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ገመድ ብዛት ለማያውቅ አይነገርም። ክንድ የሚያክለውን ገመድ ስምንት ሰው ሆነን በጠባብ ኮሪደር፣ አንገታችንን ቀልሰን፣ በጣሪያው መደርደሪያ ላይ እንጎትታለን። ሮማንያውያን ነበሩ፣ ፖላንዶች፣ አንድ ኤርትራዊና እኔ። መጀመሪያ በጀርመንኛ ነበር የምንቆጥረው፤ አልገጥም አለን። አንድ ቀን ደክሞኝ ሳላስበው «ሆ!» አልኩ። ኤርትራዊው ወዲያው ተቀበለኝ። ሁለተኛው ላይ ሁሉም «ሆ!» አሉ፤ ገመዱ እንደ እባብ ተንሸራቶ ሄደ። ከዚያ በኋላ ኮሪደሩ ሁሉ የአዝመራ ደቦ መሰለ። አለቃችን ምን እንደምንል ሲጠይቅ ሮማንያዊው «በኢትዮጵያ ቋንቋ ሦስት ማለት ነው» አለው።

በሩ ላይ የሚደረገው ካርድ ቀለሙ ሁለት ዓይነት ነበር። የግቢው ሠራተኞች ሰማያዊ፣ እኛ ቢጫ። በቢጫው ምግብ ቤት መግባት ይቻላል፤ ዋጋው ግን ሌላ ነው። ሰዓቴን ትንሽ ደብተር ላይ እመዘግብ ነበር። ደብተሬ 210 ሲል የደመወዝ ወረቀቱ 160 ይላል። አንድ ወር፣ ሁለት ወር ብጠይቅ «በሚቀጥለው ይስተካከላል» ነው መልሱ። ከዚያ የመጨረሻዎቹ ሁለት ወራት ጭራሽ ሳይከፈሉ ኩባንያው ስልክ ማንሳት አቆመ። የተመዘገበው ሌላ አገር ነው። አድራሻው ላይ ያለው የፖስታ ሣጥን ብቻ መሆኑን ያወቅነው ኋላ ነው።

ማለዳ ተነስቼ ወደ ግቢው ሄድኩ። ካርዴን አስጠጋሁ፤ ቀይ በራ። ጥበቃው የማውቀው ሰውዬ ነው፣ ጥሩ ሰው። ቡና ቀድቶ ሰጠኝ። ውስጥ ደውሎ ቆየና «አንተ የኛ ሠራተኛ አይደለህም ይላሉ» አለኝ። አልዋሸም። ሥራውን የወሰደው ድርጅት ተከፍሎታል፤ እሱ ለማን እንደከፈለ እነሱን አያገባቸውም። ጉዳዩን የያዘልኝ አንድ የሠራተኞች ምክር መስጫ ቢሮ ነበር። ከብዙ ወራት ደብዳቤ በኋላ በሕጉ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ ታስቦ ጥቂት ብር አገኘሁ። ትርፍ ሰዓቱ እዚያው ጠባብ ኮሪደር ውስጥ ቀረ። እኔ ሥራ ቀየርኩ። ዛሬ የባቡር ኤሌክትሪክ ጥገና ላይ ነኝ፤ ጤና ይስጥልኝ እንጂ ሌላ አልጠይቅም። ሮማንያዊው ጓደኛዬ ግን አሁንም እዚያው ዓይነት ካርድ ይዞ ከወደብ ወደብ ይዞራል።

እና ክቡራን፣ የ2024ቱን ዜና ስሰማ ጆሮዬ የቆመው ቁጥሮቹ ላይ ነው። ቬርፍቱን ለምን ማዳን እንዳለባችሁ ስታስረዱ የጠራችሁት ቁጥር 17 ሺህ ነበር። ጀርመን ውስጥ ከ17 ሺህ በላይ ሥራ በዚህ ግቢ ላይ ተንጠልጥሏል አላችሁ። እውነት ነው። ራሱ ፓፐንቡርግ የቀጠረው ወደ 3,000 ሰው ነው፤ የቀሩት አቅራቢዎች፣ ተቋራጮች፣ የተቋራጭ ተቋራጮች ናቸው። ገመድ ጎታቹም እዚያ ውስጥ ተቆጥሯል። ከዚያ ሠራተኛ ሲቀነስ የተነገረው ሌላ ቁጥር ነው። ከአሠሪው፣ ከብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበሩ ከኢ ጌ ሜታልና ከሠራተኛው ምክር ቤት ድርድር በኋላ 340 ሥራ ይቀነሳል ተባለ። ይህ የኩባንያውን የራሱን ሠራተኞች ብቻ ነው። በቢጫ ካርድ የሚገባው ሲቀነስ ቁጥር የለውም፤ ኮንትራቱ ሳይታደስ ይቀራል፣ ካርዱ ቀይ ያበራል። ገንዘቡ ሲጠየቅ 17 ሺህ ነበርን። ዋስትናው ሲጻፍ ብዙዎቻችን ከገጹ ውጭ ሆንን።

«ሕጉ አይፈቅድም» እንዳትሉኝ። ለሥጋው አድርጋችሁታል። በ2020 በጋ ሬዳ ቪደንብሩክ ያለው ቄራ ውስጥ ኮሮና ከሺህ በላይ ሠራተኛ ላይ ሲዛመት፣ ሠራተኞቹ በንዑስ ተቋራጭ ስም እንዴት እንደሚኖሩ አገሩ ሁሉ አየ። ከጥር 2021 ጀምሮ በትልልቅ ቄራዎች ማረድና መብለት በንዑስ ተቋራጭ ማሠራት ተከለከለ። ትናንት የሌላ ድርጅት የነበረው ሠራተኛ በማግስቱ የቄራው ሠራተኛ ሆነ። «ዘርፉ ይጠፋል» ተብሎ ነበር። ቋሊማው አለ፤ ግድቡ ላይ በላነው።

መርከብ ከሥጋ እንደሚለይ አውቃለሁ። የቲያትር መጋረጃ የሚሰቅለውን ሰው ቬርፍቱ ዓመቱን ሙሉ ይቅጠረው አልልም። ገመድ ግን እያንዳንዱ መርከብ ውስጥ አለ፣ ብየዳም፣ ቀለምም። ፓፐንቡርግ ራሷ ይህን ከባድ መንገድ ሄዳ ተምራዋለች። በሐምሌ 2013 ሁለት ሮማንያውያን የተቋራጭ ሠራተኞች በሚያድሩበት ቤት በተነሳ እሳት ሞቱ። ከዚያ በኋላ ነው ኩባንያውና ኢ ጌ ሜታል ስለ ተቋራጭ ሠራተኞች መኖሪያና ክፍያ ስምምነት የተፈራረሙት። ሁለት ሰው ከተቃጠለ በኋላ የተቻለው አሁን፣ 80 በመቶው በእጃችሁ እያለ፣ የሚከብድ አይመስለኝም። አዲስ ሕግ እንኳን አያስፈልጋችሁም። ባለቤት ናችሁ። ቦርዱ ላይ ወንበር አላችሁ።

የምጠይቃችሁ ከባድ ነገር አይደለም። በሩ ላይ ያለው ማሽን ማን ስንት ሰዓት እንደገባና ስንት ሰዓት እንደወጣ ያውቃል፤ ቢጫ ካርድና ሰማያዊ ካርድ አይለይም። ተቋራጩ ሲጠፋ ቬርፍቱ በዚያ ማሽን ሰዓት ልክ ይክፈል፣ ኋላ ከተቋራጩ ጋር እሱ ይካሰስ። ለገመድ ጎታች ጠበቃ ከማቆም ለቬርፍቱ ማቆም ይቀላል። የተቋራጭ ተቋራጭ የሚባለው ነገር ደግሞ ይቁም፤ አንድ ደረጃ ይበቃል፣ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ የፖስታ ሣጥን ነው። ስለ ቬርፍቱ መግለጫ ስትሰጡም በደመወዝ መዝገብ ያለውን ብቻ ሳይሆን በየቀኑ በበሩ የሚገባውን ሰው ቁጥር ንገሩን። ድርሻችሁን አንድ ቀን ሸጣችሁ እንደምትወጡ ተናግራችኋል፤ መብታችሁ ነው። ግን ይህ ነገር የሽያጩ ውል ውስጥ ይጻፍ። ካልተጻፈ አዲሱ ባለቤት በገባ ማግስት ካርዶቹ ቀይ ያበራሉ።

የድሮ ደብተሬን አሁንም አስቀምጬዋለሁ። ገጾቹን ፎቶ አንስቼ ከጀርመንኛው ቅጂ ጋር አያይዣለሁ፤ የኩባንያውን ስም በወፍራም እስክሪብቶ ሰርዤዋለሁ። ሰዓቶቹ ግን ይነበባሉ። መልስ ከጻፋችሁ በጀርመንኛ ይሁን፣ ችግር የለም። ለሮማንያዊው ጓደኛዬ እኔ አስረዳዋለሁ። «ሆ!» የሚለውን ብቻ ነው በአማርኛ የሚያውቀው።

ከአክብሮት ጋር፣

የቀድሞ ገመድ ጎታች፣ ኒደርዛክሰን